አምስት መቶኛ

ማክሰኞ ነበር። አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ተነሥቼ ፊቴን ታጠብኩ፣ ሻይ ጣድኩ፣ የትናንቱን ዳቦ አሞቅሁ። ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ በኩሽናው መስኮት ስንጥቅ ይገባ ስለነበር ጋዜጣ አጣጥፌ ወተፍኩበት። ከዚያ የአባቴን የጉልበት ፋሻ ፈታሁ። የቀዶ ጥገናው ቁስል ደርቋል። በአዲስ ፋሻ ጠቀለልኩለት። ሬዲዮው ከሰዓት በኋላ ዝናብ ሊኖር እንደሚችል ይናገር ነበር።

«ሐመልማል» አለኝ ሻዩን ሳይቀምስ። «ዛሬ የምትሄጂበት የለሽም አይደል?»

አልነበረኝም። በእጽዋት ሳይንስ ከተመረቅሁ ስምንት ወር ሆኖኝ ነበር። ከጉለሌ የእጽዋት ማዕከል የሥራ መልስ እየጠበቅሁ ነበር።

«የለኝም፣ አባባ።»

«እንግዲያው ጋራዥ ሄደሽ ቁጭ በይልኝ።»

ቁጭ በይ ማለት ምን እንደሆነ ማስረዳት አላስፈለገውም። በእኛ ሰፈር ሞተር ካስፈታ በኋላ ወደ ቤቱ የሚመለስ ሰው የለም። ባለቤቱ ወይም ባለቤቱ የሚያምነው ሰው ዱካ ላይ ተቀምጦ ከጠዋት እስከ ማታ ያያል። ካላየ ደህናው ዕቃ ወጥቶ የሌላ መኪና አሮጌ ዕቃ ይገባበታል ይባላል። አባቴ፣ ጋሽ ወልዱ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት የጭነት መኪና ነድቷል። ጡረታ ሲወጣ ፒክአፕ ገዛ፤ የምንኖረውም በእሱ ነበር። አንድ ጊዜ ጋራዥ አስገብቶት ለግማሽ ቀን ዞር ቢል ዕቃ ተለውጦ ጠበቀው፤ ከዚያ ወዲህ መካኒክ የተባለ ሁሉ ለእሱ ሌባ ነው። አሁን ፒክአፑ የእንጦጦን ዳገት ሲወጣ ውሃ አፍልቶ ቆሟል። የአባቴ ጉልበት ደግሞ ዱካ ላይ አያስቀምጠውም።

«ሁለት ነገር ልንገርሽ» አለኝ ልወጣ ስል። «አንደኛ፣ ዓይንሽን ከሞተሩ ላይ እንዳትነቅዪ። ሁለተኛ፣ ምንም ነገር እንዳትነኪ። ጠባቂ ያያል እንጂ አይነካም። አንድ ብሎን እንኳ ብታነሺ፣ ነገ ችግር ሲመጣ ‹ልጅዎ ነክታው ነው› ብሎ አፌን ይዘጋኛል።»

«እሺ።»

«ደግሞ ሳቅ ካበዛ ጠርጥሪው።»

ጋራዡ ከአዲሱ ገበያ ወደ ላይ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከባሕር ዛፎቹ ሥር ነበር። ባለቤቱም ሠራተኛውም አንድ ሰው ነው፤ ደቻሳ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሠላሳ ዓመት ገደማ የሚሆነው። እጁን ሊሰጠኝ ብሎ ቅባት መሆኑን አየና ክርኑን ዘረጋልኝ።

«የጋሽ ወልዱ ልጅ ነሽ?»

«አዎ።»

«ልትጠብቂኝ መጣሽ።»

«የምጠብቀው መኪናውን ነው።»

«ያው ነው» አለና ሳቀ።

ሳቁን ልብ አልኩ።

ዱካ አምጥቶ ከጥላው ሥር አስቀመጠልኝ። ትንሽ አሰበና መልሶ አነሣው። «እዚያ ሆነሽ እጄን አታዪውም። ወደዚህ ነይ» ብሎ ከሞተሩ አጠገብ አደረገልኝ። ይህን ያህል ልታይ የሚል ሰው የሚደብቀው ነገር ሌላ ቦታ አለው ብዬ አሰብኩ። ማስታወሻ ደብተሬን አወጣሁ።

ቴስታታውን፣ የሞተሩን የላይኛውን ክዳን ማለት ነው፣ ብሎኖቹን አንድ በአንድ እየፈታ አነሣው። ከሥሩ የነበረውን ቀጭን ንጣፍ ላጥ አድርጎ አሳየኝ። ጓርኒሲዮን ይሉታል፤ በክዳኑና በሞተሩ አካል መካከል ገብቶ እሳቱን ከውሃው የሚለየው እሱ ነው።

«ይኸው፣ እዚህ ጋ ተቃጥሏል። ውሃ ያፈላው ለዚህ ነው። ጠርዙ ላይ ሁለት ቀዳዳ አየሽ?»

«አየሁ።»

«ውፍረቱን ነው የሚነግርሽ። ባለ አንድ ቀዳዳ ቀጭን ነው፤ ባለ ሁለት መካከለኛ፤ ባለ ሦስት ወፍራም። ቀጭን ካደረግሽበት ፒስተኑ ወደ ላይ ሲመጣ ቴስታታውን ሊመታው ይችላል። ወፍራም ካደረግሽበት ጉልበት ያጣል፤ ጠዋት ጠዋት አልነሣም ይላል።»

«ታዲያ በመካከላቸው ስንት ክፍተት መኖር አለበት?»

«የጥፍር ውፍረት ያህል።»

«የማን ጥፍር?»

ጥያቄዬ የቀልድ አልነበረም። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ቅጠል ስንለካ ‹ያህል› የሚባል ቃል አይፈቀድልንም ነበር። እሱ ግን ሥራውን አቁሞ ለመጀመሪያ ጊዜ አየኝ፤ ፊቴን ሳይሆን እጄን። ጥፍሬ ስለሚሰነጠቅ ቀለም የሌለው መቀቢያ እቀባው ነበር፤ ፀሐይ ሲነካው ያብለጨልጫል።

«የአንቺ ይበቃል» አለና አቀረቀረ።

አራቱን ፒስተኖች አውጥቶ በናፍጣ አጠባቸው፤ ጥቀርሻቸውን ፍቆ በጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው። በየአናታቸው ላይ አንዲት ቦታ ከሌላው ይበልጥ ወልውሎ ነበር። ስድስት ሰዓት ሲሆን እጁን በሳሙና ታጥቦ ምሳ ሄደ። ጋራዡን እንዳለ ለእኔ ትቶ። ይህም አጠራጠረኝ። መምጫው ላይ ሌሎች አራት ፒስተኖች በከረጢት ይዞ ቢመጣ በምን እለያቸዋለሁ?

ከቦርሳዬ የጥፍር መቀቢያውን አወጣሁ። ግራ ቀኝ አየሁ። በያንዳንዱ ፒስተን አናት ላይ፣ በዚያችው በተወለወለችው ቦታ፣ አንዳንድ ጠብታ አሳረፍኩ። ሲደርቅ አይታይም። አንገትን ዘንበል አድርገው በብርሃን ካላዩት በቀር የለም ማለት ነው።

አባቴ እንዳትነኪ ብሎኝ ነበር። ምልክት ማድረግ መንካት አይደለም ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

ረቡዕ ስመጣ ፒስተኖቹን ወደ ሞተሩ መልሷቸዋል። አንገቴን ዘንበል አደረግሁ። አራቱም ጠብታዎች በቦታቸው ነበሩ። ትንሽ ቅር ያለኝ መሰለኝ፤ ሌባ ጠብቄ ነበርና።

ደቻሳ ሰዓት የመሰለ መለኪያ ይዞ ፒስተኖቹ ከሞተሩ አካል በላይ ምን ያህል ብቅ እንደሚሉ ይለካ ጀመር። የመለኪያውን ጫፍ በዚያች በተወለወለችው ቦታ ያሳርፋል፤ ሞተሩን በእጁ ቀስ አድርጎ ያዞራል፤ ትንፋሹን ይዞ ያነባል።

«ቶርባታሚ ሰዴት» አለ በሹክሹክታ።

እንደ ሰማሁት ጻፍኩት። ሁለተኛውን ለካ፤ ያንኑ አለ። ሦስተኛውንም፣ አራተኛውንም።

«ምንድን ነው የምትለው?» አልኩት።

«ቁጥር ነው።»

«በአማርኛ አትቆጥርም?»

«እቆጥራለሁ። ልቤ ካልረጋ ግን በእናቴ ቋንቋ ነው የሚመጣልኝ። መቁጠር የተማርኩት ከእሷ ነው፤ ከእንጦጦ ወዲያ፣ ቤታችን ደጃፍ፣ ችግኝ እየቆጠርን።»

«አሁን ልብህ ለምን አልረጋም?»

እንደገና ለካ። አራቱንም። ከዚያ መለኪያውን በጨርቅ ጠርጎ ቁጭ አለ።

«ባለ ሦስት ቀዳዳ አድርግ ይለኛል» አለ፣ ያልወደደውን መልእክት እንደሚያደርስ ሰው።

«የነበረው ባለ ሁለት አይደል?»

«ነበር።»

እኔ እሱን አየዋለሁ፤ እሱ ሞተሩን ያያል።

«ተነሺ እንሂድ» አለ በመጨረሻ። «ስገዛም እይኝ።»

የኡመይማ ሱቅ አዲሱ ገበያ ነው። ጓርኒሲዮኖቹ በገመድ ተሰድረው ከጣሪያው ተንጠልጥለዋል። ኡመይማ አርባዎቹ ውስጥ ያለች፣ ክንብንቧ የማይዛነፍ፣ ዓይኗ ፈጣን ሴት ናት።

«ደቻሳ! ዛሬ ደግሞ በፖሊስ ተይዘህ መጣህ?»

«ጠባቂዬ ናት።»

«እሰይ! እሱ የሚጠብቀው ሰው ሲያስፈልገው ኖሯል፣ የእኔ እህት። በጊዜ ነው የደረስሽለት።»

አልሳቅሁም። እሱም ጆሮው እስኪቀላ ጓርኒሲዮኖቹን ተመለከተ።

«ባለ ሦስት ስጪኝ። ለጋሽ ወልዱ ፒክአፕ።»

«ለጋሽ ወልዱ? ውይ፣ ለእሱ በዚህ በእጄ ባለ ሁለት ነው የሰጠሁት! ሞተርም እንደ ልጅ ያድጋል እንዴ?»

«ለክቼ ነው፣ ኡመይማ።»

«ለክተህ ከሆነ እሺ።» አንዱን አውርዳ ቀዳዳዎቹን በጣቷ ጫፍ ዳሰሰች። «የፋብሪካ ነው። እዚህ ገበያ ውስጥ በምስማር ቀዳዳ የሚጨምሩ አሉ፤ እኔ ግን የለሁበትም።» ይህን ስትል ያየችው እኔን ነበር።

«ባለ ሁለቱንም ጨምሪልኝ» አላት። «አንዱን እመልስልሻለሁ።»

ሁለቱንም ለምን እንደፈለገ አልነገረኝም። ስንመለስ ዝናቡ መጣ። ጓርኒሲዮኖቹን በቱታው ውስጥ ደረቱ ላይ ሸሸጋቸው፤ ጃኬቱን ለእኔ ሰጠኝ። ለዕቃው ነው ወይስ ለእኔ የተጨነቀው ብዬ መንገዱን ሁሉ ስመዝን ነበር። የሰውን ሐሳብ መመዘን የማላበዛ ሰው ነኝ ብዬ አስብ ነበር።

ማታ ለአባቴ ከደብተሬ አነበብኩለት። ወለጋ ሲመላለስ ስለኖረ ኦሮምኛ ያውቃል።

«ቶርባታሚ ሰዴት ሰባ ስምንት ነው» አለኝ። «ሰባ ስምንት መቶኛ ሚሊሜትር። የዚህ ሞተር ከሰባ አምስት አያልፍም። ባለ ሦስት ቀዳዳ ነው ያለሽ?»

«አዎ።»

«በቃ። ፒስተኖቹን ቀይሯቸዋል። የሌላ ሞተር ፒስተን ነው፤ ይረዝማል።»

«አልቀየረም፣ አባባ።»

«በምን አወቅሽ?»

አንደበቴ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። «አይቻለሁ» አልኩ።

«ዓይንሽ አታልሎሻል። ነገ ራሴ እመጣለሁ።»

ተኝቼ ቁጥሩን አሰብኩ። ምልክቶቼ ፒስተኖቹ የእኛው መሆናቸውን ይመሰክራሉ። እንግዲያው ሰባ ስምንት ከየት መጣ? ወይ መለኪያው ይሳሳታል፣ ወይ ሰውዬው ይዋሻል። ሰውዬው እንዳይሆን እንደምመኝ ሳውቅ ይበልጥ ተጠራጠርኩት።

ሐሙስ ስደርስ ደቻሳ ከእኔ ቀድሞ ሥራ ጀምሯል። ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ ነበር።

«ሌላ መንገድ ልሞክር ነው» አለኝ። ስታኞ፣ ማለትም ለብየዳ የሚሆነውን ለስላሳ ሽቦ፣ በአጫጭሩ ቆራርጦ በየፒስተኑ ጠርዝ ላይ አስቀመጠ። አሮጌውን ጓርኒሲዮን ለልኬት ያህል አነጠፈ። ቴስታታውን አሰረ፣ ሞተሩን በእጁ አዞረ፣ መልሶ ፈታ። ሽቦዎቹ ተጨፍልቀው ሳሱ። አንድ በአንድ በመለኪያ ያዛቸው፤ ከዚያ ክብሪት ሳጥን ውስጥ ከትቶ ኪሱ ጨመራቸው።

«ኪስህ ውስጥ ምን ከተትክ?»

«ክፍተቱን» አለ። «ሽቦው ተጨፍልቆ የቀረው ውፍረት ነው በመካከላቸው ያለው ቦታ። እይው።» ሳጥኑን ከፍቶ አሳየኝ፤ ከዚያም መሬቱን እያየ ተናገረ። «ይኼኛው ባለ ሁለት ይበቃል ይለኛል። የትናንቱ ባለ ሦስት አለኝ። ልዩነታቸው አምስት መቶኛ ነው፤ አንድ ቀጭን ጠጉር። ከሁለቱ አንዱ ይዋሻል።»

የመለኪያውን ሰዓት ፈትሾ ደህና አገኘው። የጻፈውን አገላብጦ አየ። ከዚያ ዓይኑን ጨፈነና በአውራ ጣቱ የመጀመሪያውን ፒስተን አናት ዳሰሰ። ቀስ ብሎ። ጣቱ አንድ ቦታ ላይ ቆመ።

አሁን ነው የገባኝ። እኔ ያየሁት ምልክትን ነው እንጂ ምልክትም ውፍረት እንዳለው አላሰብኩም ነበር።

በጥፍሩ ፋቀ። ቀጭን፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ሽፋን ተነሣ። ወደ ፀሐይ አንሥቶ አየው። ሁለተኛውን ፒስተን ዳሰሰ። ሦስተኛውን። አራተኛውን አልዳሰሰም። ቀና ብሎ ደብተሬ ላይ ያረፈውን እጄን ተመለከተ። ጣቶቼን ጨበጥኳቸው፤ ግን ዘገየሁ።

ሽፋኑን ከጣቱ ላይ እፍ አለው።

በዚያው ቅጽበት ከውጭ ባጃጅ ቆመ። አባቴ በሁለት ክራንች ተደግፎ ገባ።

«እንደምን አደሩ፣ ጋሽ ወልዱ። ይቀመጡ።»

«አልቀመጥም። ይህ ሞተር ባለ ሁለት ነበር። ለምን ባለ ሦስት አልክ?»

በጋራዥ ደንብ ደቻሳ የሚለው አንድ ቃል ነበር፤ ‹ልጅዎ ነክታዋለች›። ከዚያ በኋላ አባቴ በየትኛውም ጋራዥ ቀና ብሎ አይቆምም። እኔንም ሁለተኛ አያምነኝም።

«ተሳስቼ ነው የለካሁት፣ ጋሼ» አለ ደቻሳ። «ባለ ሁለት ነው።»

«ተሳስተህ?»

«አዎ።»

«አራቱንም?»

«አራቱንም።»

አባቴ ክራንቹን መሬት ላይ መታ። «ሌባ ብትሆን ይሻለኝ ነበር። ሌባን እጠብቀዋለሁ። የማይለካ እጅ ግን ሞተሬን አይነካም። ነገ አስጎትቼ እወስደዋለሁ። አዲሱ ገበያ ላለ ሹፌር ሁሉ ደግሞ እነግራለሁ።»

«እንዳሉ» አለ ደቻሳ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። ይህ ጋራዥ ከስሙ ሌላ ምንም እንደሌለው ከዱካዬ ሆኜ በሦስት ቀን አውቄያለሁ። የሚሠራው ሥራ ሁሉ ከሹፌር አፍ ወደ ሹፌር አፍ የሚመጣ ነው።

«ነይ፣ ሐመልማል» አለኝ አባቴ።

ሄድኩ። ዝም ብዬ ሄድኩ። በባጃጁ ውስጥ ያሰብኩት ያሳፍረኛል፤ ግን ያሰብኩት ይህን ነው። ምን ፈልጎ ሸፈነልኝ? ውለታውን መቼ ነው የሚጠይቀኝ?

ዓርብ ጠዋት አባቴ መኪና ለሚጎትት ሰው ሊደውል ስልኩን አነሣ። ቁጥሩን ሲነካ «አባባ፣ ያስቀምጡት» አልኩት።

«ምን ሆንሽ?»

«ነክቻለሁ።»

የጥፍር መቀቢያውን ከቦርሳዬ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አቆምኩት። ሁሉንም ነገርኩት። ዓይኑን ከጠርሙሷ ላይ ሳያነሣ ሰማኝ።

«ጠባቂ አይነካም አላልኩሽም?»

«ብለውኛል።»

«እሱ አውቆ ነበር?»

«አውቆ ነበር። ጥፍሬን አይቷል።»

ስልኩን አስቀመጠ። «በሌለሁበት እንኳ አይደለም፤ ፊቱ ቆሜ እየሰደብኩት» አለ ለራሱ። «አፌን ሊዘጋኝ ይችል ነበር። ለምን አልዘጋኝም?»

«አላውቅም።»

«ሂጂና ጠይቂው። መልሱን እኔም እፈልገዋለሁ።»

ደቻሳ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ነበር። ፒክአፑ ላይ ሸራ አልብሶበታል፤ ለጉዞ እንደተዘጋጀ ሰው። ሲያየኝ ተነሣ።

«ጎታቹ መጣ?»

«አይመጣም። ለአባቴ ነግሬዋለሁ።»

«ምኑን?»

«ታውቀዋለህ።»

ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ቱታውን ያለ ምክንያት ጠረገ።

«ለምን ዝም አልክ?» አልኩት። «ምን ፈልገህ ነው?»

ይህን ስለው ፊቱ ተለወጠ፤ ከአባቴ ስድብ ይልቅ ይኼኛው የጎዳው መሰለኝ።

«ምንም። ከመለካቴ በፊት በጣቴ መዳሰስ ነበረብኝ። አልዳሰስኩም። የለካሁት እኔ ነኝ፤ ስሕተቱ የእኔ ነው። ያልኩት እውነቱን ነው።»

«ግማሹን እውነት።»

«ግማሹን» አለ። «ሌላው ግማሽ ያንቺ ነው። እኔ የማወጣው አይደለም።»

ወደ ሸራው ሄጄ ጫፉን ያዝኩ። «የመቀቢያውን ማስለቀቂያ ይዣለሁ» አልኩት። «ልንካ?»

«አሁን ንኪ።»

አራቱን ጠብታዎች በጥጥ ጠረግሁ። ጥፍሮቼንም እዚያው ጠረግሁ። እሱ ከኋላዬ እየመጣ በአውራ ጣቱ ዳሰሰ፤ የመለኪያውን ጫፍ አሳረፈ። ከዚያ ከሰዓቱ ፊት ዞር አለና ቦታውን ለቀቀልኝ።

«አንብቢልኝ።»

«እኔ?»

«አንቺ።»

ሞተሩን በእጁ ቀስ አድርጎ አዞረ። ቀስቱ ተነሣ፣ ቆመ፣ ሊመለስ ሲል ያዝኩት። «ሰባ ሦስት።»

ጻፈው።

«አታየውም?» አልኩት።

«አየሽው አይደል?»

አራቱንም አነበብኩለት። አንዱንም ዞሮ አላየም። ሦስት ቀን ሙሉ እጁን ስጠብቅ የኖርኩ ሰው፣ እኔ ያልኩትን ቁጥር አምኖ ሞተር ሲገጥም ቆሜ አየሁ።

«ሰባ ሦስት በእናትህ ቋንቋ ምንድን ነው?»

«ቶርባታሚ ሰዲ።»

«ቶርባታሚ ሰዲ» አልኩ።

«‹ሰዲ›ን ጠበቅ አታድርጊው። እንደሱ። እንደሱ ነው።»

ባለ ሁለቱን ቀዳዳ ገጠመ። ቅዳሜ አባቴ በክራንቹ መጥቶ ዱካው ላይ ተቀመጠ፤ ጉልበቱ እንዴት እንደቻለ አላውቅም። ሞተሩ በመጀመሪያው ተነሣ። አባቴ እጁን ክዳኑ ላይ አድርጎ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማ።

«መልሱን አገኘሽ?» አለኝ በኋላ።

«አገኘሁ።»

«ምን አለ?»

«ግማሹ የእኔ ነው አለ።»

አባቴ ደቻሳን ከእግር እስከ ራሱ አየው። «እንግዲህ» አለው፣ «የማይለካ ያልኩህን አንሣልኝ።»

«አልያዝኩትም፣ ጋሼ።»

ሰኞ እንደገና ሄድኩ። ጋራዡ ውስጥ የእኛ መኪና አልነበረም። ዱካዬ ላይ ተቀመጥኩ።

«የምን መኪና ነው የምትጠብቂው?» አለኝ ደቻሳ ከሌላ ሞተር ሥር ብቅ ብሎ።

«እያሰብኩበት ነው።»

ኡመይማ ባለ ሦስቱን ጓርኒሲዮን ስንመልስላት ከላይ እስከ ታች አየችን። «እኔ ሞተር አያድግም ብያለሁ። ሌላ ነገር ግን ሲያድግ አያለሁ» አለች። በዚህ ጊዜ ሳቅሁ።

ማዕከሉ ቀጠረኝ። ከሥራ ስወርድ በጋራዡ በኩል አልፋለሁ፤ እሱ ሞተር ይለካል፣ እኔ እጽፋለሁ። ቅጠል ይዤለት ስመጣ ውፍረቱን በመለኪያው ይለካልኛል። ሁለታችንም ብዙ የምንናገር ሰዎች አልነበርንም። አንድ ቀን፣ አሁንም በኦሮምኛ ሲቆጥር ሰምቼ፣ «ዛሬ ምን ሆነህ ነው? ሞተሩ ቀላል ነው» አልኩት።

«ሞተሩ ቀላል ነው» አለ። «አንቺ ከመጣሽ ወዲህ ግን በአማርኛ መቁጠር አልቻልኩም።»

ሽማግሌዎች ሲመጡ አባቴ ስለ ዘሩም ስለ ሀብቱም አልጠየቀም። «ከመለካቱ በፊት ይዳስስ እንደሆነ ጠይቁልኝ» አላቸው። ሽማግሌዎቹ አልገባቸውም። እኔ ከበሩ ጀርባ ሆኜ ሰማሁት።

ስምንት ዓመት አብረን ኖርን። ፒክአፑን አባቴ ለሁለታችን ሰጠን። ጠዋት ጠዋት ወደ ማዕከሉ የሚያደርሰኝ ደቻሳ ነበር። የናፍጣ ሞተር ከመነሣቱ በፊት ትንሿ መብራት እስክትጠፋ መጠበቅ አለበት፤ እሷን ሲጠብቅ ‹ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ፣ አፉር› እያለ ይቆጥራል። እኔ መስኮቱን በእጄ እጠርጋለሁ።

ባለፈው ሐምሌ ሞተ። ስለ ሆስፒታሉ አልጽፍም።

ዛሬ ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ተነሣሁ። ሻይ አፈላሁ። የአባቴን መድኃኒት ሰጠሁ። ክብሪት ሳጥኑ መኪናው ውስጥ፣ መሪው አጠገብ ነው፤ አራቱ የተጨፈለቁ ሽቦዎች አሉበት። ጓርኒሲዮኑ ያው ባለ ሁለት ቀዳዳው ነው፤ ውሃ አያፈላም። ቁልፉን ግማሽ አዞርኩ። ትንሿ መብራት በራች። እስክትጠፋ ጠበቅሁ።

የሚቆጥር ሰው የለም።